ከቢታ ገነት እስከ ሮም፦ መምህር እንዳለ ወልደ ማርያም እና የመጨረሻው ፈተናቸው

መምህር እንዳለ ወልደ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ማርያም ገብሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛወርቅ ሻወኖ፣ በካፋ ዞን ቢታ ገነት አቅራቢያ በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ልጃቸው በረዶ የቡናውን አበባ ባረገፈበት ዓመት እንደተወለዱ ይናገሩ ነበር፤ መታወቂያቸው ግን 1952 ይላል። መምህር እንዳለ በሕይወት ቢኖሩ ሁለቱንም ጽፋችሁ የትኛው እንደሚታመን ግለጹ ስለሚሉን ሁለቱንም ጽፈናል። እኛ የምናምነው እናታቸውን ነው፤ መከራከር የሚፈልግ ካለ ከቀብር በኋላ ይምጣ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በቢታ ገነት፣ ሁለተኛ ደረጃን በቦንጋ ተከታተሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ባመጡበት ዓመት አባታቸው በድንገት ስላረፉ፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸውን የማሳደጉ ኃላፊነት በእሳቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ሰርተፊኬታቸውን ይዘው ሥራ ጀመሩ። ወንድሞቻቸውን ሁሉ አስተምረው ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል፤ እያንዳንዳቸውንም መናኸሪያ ድረስ ሸኝተው ብቻቸውን ተመልሰዋል። በዚህ አዝነው አያውቁም ብንል ውሸት ይሆናል። ዲግሪ በልባቸው የቀረ ነገር ነበር፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ያውቃል።

ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በሺሺንዳ፣ ቀጥሎም በቦንጋ ታሪክ አስተምረዋል። የሜዲትራኒያን ባሕርን ጥቁር ሰሌዳ ላይ መሳል ከጀመሩ ጠመኔው እስኪያልቅ አያቆሙም ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ “ቲቸር፣ ባሕሩን አይተውታል?” ብላ ብትጠይቃቸው፣ “እኔ እንኳ ያየሁት ትልቅ ውሃ የጎጀብን ወንዝ ነው” ብለው በሐቅ መለሱ፤ ሥዕላቸውንም ቀጠሉ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘነበች አዱኛ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሚሊዮን፣ ማርቲ እና በእምነት የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል።

በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ቤት ውስጥ የሚያርሙት ደብተር ስላጡ ወይዘሮ ዘነበችን ማረም ጀመሩ። ሽንኩርት ሲከተፍ ቆመው ያርማሉ፤ ወጥ ሲማሰል ያርማሉ። እናቷ ቤቱን ጥለው እንዳይሄዱ የሰጋችው ማርቲ በኢንተርኔት ስትፈልግ፣ አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ለአረጋውያን በነፃ የሚሰጠውን የርቀት ትምህርት አገኘች። ትምህርቱ የጥንት ሜዲትራኒያን አርኪዮሎጂ፣ ታሪክና ባህል ይባላል። ማርቲ ያሰበችው ለአንድ ክረምት ያህል እንዲይዛቸው ነበር። እሳቸው ግን ዲግሪ እንደሚያስገኝ ካነበቡ በኋላ ወደ ኋላ የሚሉ ሰው አልሆኑም።

ወይዘሮ ዘነበች ነገሩን ሲሰሙ፣ “ለጡረተኛ ዲግሪ ምን ሊያደርግለት ነው? እግዚአብሔር ፊት ሲቀርብ ሲቪ ያስገባል እንዴ?” ማለታቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው። ሌሎች ደግሞ የካፋ ነገሥታት ታሪክ እያለ የሮምን መማር ምን ይሉታል ብለው ጠይቀዋቸዋል። “የራሴን ዘመዶቼ ይነግሩኛል፤ የእነሱን ማን ይነግረኛል?” ነበር መልሳቸው። ኔትወርክ የሚይዘው ከማድ ቤቱ ጀርባ አቮካዶው ሥር ብቻ ስለነበር፣ በቦንጋ ዝናብ ጃንጥላ ይዘው ይማሩ ነበር። የተማሩትን ደግሞ ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም። አብሯቸው ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሮማውያን መንገድ እንዴት እንደሚያነጥፉ ሳይሰማ አይወርድም።

በ2014 ዓ.ም. የመስክ ቁፋሮ ልምምድ መጣ። የክፍል ጓደኞቻቸው ወደ ግሪክ ደሴቶች ሲሄዱ እሳቸው በስኳር ሕመምም በቪዛም ምክንያት መሄድ አልቻሉም፤ አስተማሪያቸውም በገዛ ግቢያቸው ቆፍረው ሪፖርት እንዲልኩ ፈቀዱላቸው። ወይዘሮ ዘነበች ገበያ በሄዱበት ቅዳሜ፣ መምህር እንዳለ ከጓሮው እንሰት መሐል አራት ማዕዘን መሬት በሲባጎ ከልለው በማንኪያና በቀለም ብሩሽ ሥራ ጀመሩ።

እዚህ ላይ ለእንግዶቻችን አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በእኛ ዘንድ ወንድ እንሰት ይተክላል እንጂ ቆጮ ወደተቀበረበት ዝር አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ መምህር እንዳለ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቆጮ ሲበሉ ኖረው፣ በገዛ ጓሯቸው የት እንደሚቀበር አያውቁም ነበር። ሲባጎውን የዘረጉት ወይዘሮ ዘነበች ለማርቲ ሠርግ ብለው በጥቅምት ከቀበሩት ቆጮ ላይ ነው።

ከጥቁሩ አፈር ሥር በሰው እጅ የተነጠፈ ቅጠል ሲያገኙ ማንኪያውን አስቀምጠው ብሩሹን አነሱ። ከቅጠሉ ሥር ነጭ፣ ለስላሳና ሽታው ኃይለኛ የሆነ ነገር ሲመጣ ምስክር ይሆኑ ዘንድ ጎረቤቶችን ጠሩ። ባለ ባጃጁ አብዮት ጎንበስ ብሎ አሸተተና፣ “ጋሽ እንዳለ፣ ይሄማ ቆጮ ነው” አላቸው። እሳቸውም ምሁር በአፍንጫው አይደመድምም ብለው ገሠጹት፤ ለክተው፣ ሥለው፣ ፎቶ አንስተው ሪፖርቱን ላኩ። ወይዘሮ ዘነበች ከገበያ ሲመለሱ የተናገሩትን በዚህ ቅዱስ ቦታ ማንበብ አይቻልም።

አስተማሪው እጅግ ተደስተው፣ ይህን የመሰለ በጥንቃቄ የተገለጠ የምግብ ማከማቻ ጉድጓድ ከተማሪ አይተው እንደማያውቁ ጻፉ፤ ዕድሜው ስንት ዘመን እንደሚገመትም ጠየቁ። መምህር እንዳለ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ዲግሪው ሊቀር ነው ብለው ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም፤ መዋሸት ግን አልሆነላቸውም። “የጉድጓዱ ባለቤት እንደሚሉት የዘንድሮ ጥቅምት ነው” ብለው መለሱ። አስተማሪው ስለ ሐቀኝነታቸው ከፍተኛውን ማርክ ሰጧቸው። የሠርጉ እንግዶች ግን አየር የገባው ቆጮ ስለተበላሸ ዳቦ በሉ፤ የሙሽራው ወገን እስከ ዛሬ ያነሣዋል።

በእድራችንም የሟቾችን የሕይወት ታሪክ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ግን ያለ ማስረጃ አልጽፍም አሉ። ሟች ሰው አክባሪ ነበሩ ሲባሉ ሁለት ምስክር ይጠይቃሉ፤ ለድሃ አዛኝ ነበሩ ሲባሉ የትኛው ድሃ ይላሉ። በአንድ ቀብር ላይ “ጎረቤቶች እንደሚሉት ቁጡ ነበሩ” ብለው በማንበባቸው እድሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ወደ ድንኳን ተካይነት አዛወራቸው። ድንኳኑንም በካስማና በገመድ እየለኩ ሲተክሉ ለቀስተኛው ዝናብ ይመታው ነበር። ቅር ያለው ሰው ብዙ ነው፤ የጠላቸው ግን የለም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስኳሩ ኩላሊታቸውን ጎዳው። በሐኪሞች ብዙ ተረድተዋል፤ ጤናቸው ግን እየደከመ ሄደ። በዘንድሮው ሐምሌ የቀራቸው አንድ የቃል ፈተና ብቻ ነበር፤ ማርቲ ስልኩን ይዛላቸው፣ አቮካዶው ሥር በወጣላቸው አልጋ ላይ ሆነው ተፈተኑ። ጥያቄው ስለ ጥንት ሮማውያን የለቅሶ ሥርዓት ነበር። እንባ እየቀደማቸው ከእኛ ለቅሶ ጋር እያነጻጸሩ አስረዱ፤ መጨረሻ ላይ ፈታኞቹን፣ “እናንተ ጋ እድር አለ?” ብለው ጠየቋቸው። መልሱ ሳይመጣ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲያ ዝናቡ ጸንቶ መስመሩ ሳይመለስ ሰነበተ። መምህር እንዳለ ዐይናቸውን በገለጡ ቁጥር ስለ ውጤቱ ይጠይቃሉ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላም ጠየቁ። ለዓመታት ትምህርቱን እብደት ሲሉት የኖሩት ወይዘሮ ዘነበች ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው፣ “መጥቷል። ጨርሰሃል፤ ተመርቀሃል” አሏቸው።

መምህር እንዳለ ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው መለሱ። ከዚያም ፈገግ ብለው፣ “ማስረጃ አለሽ?” አሉ።

“እኔ ነኝ ማስረጃው” አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

ሁለተኛ ምስክር አልጠየቁም። “እንግዲያማ በቂ ነው” ብለው የባለቤታቸውን እጅ ያዙ፤ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው፣ እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

መምህር እንዳለ ከወይዘሮ ዘነበችና ከሦስቱ ልጆቻቸው በተጨማሪ የልጅ ልጃቸውን ዝማሬን፣ ወንድሞቻቸውንና በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጡ እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ትተው ሄደዋል። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ከስማቸው ሥር የዲግሪ ምሩቅ ተብሎ ታትሟል። ጽሑፉ ማተሚያ ቤት እስከገባበት ሰዓት ድረስ ከዩኒቨርሲቲው የመጣ ነገር የለም፤ ወይዘሮ ዘነበች ግን ይጻፍ አሉ፣ ተጻፈ።

የደከሙበትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጋር ያሳርፍልን፤ ለወይዘሮ ዘነበችና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።