ስለላክከው መዝለያ

አዳማ፣ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለያደታ ገርባ
ሜልቦርን

ወንድሜ፣

ደህና መሆንህን ባለፈው እሁድ እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ቆመህ በለጠፍከው ፎቶ አይቻለሁና እንደምን አለህ እያልኩ ቀለም አልጨርስም። ወፍረሃል። እኛም አለን። ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ላይ ሦስት ቃል ከተናገርኩ "ጽጌ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ" ስለምትለኝ ነው። የኔ ድምፅ ሻከር ሲል ብቻ የሚቆራረጥ ኔትወርክ በየት አገር እንዳለ አላውቅም። ስጨርስ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከትናንት ወዲያ የላክከውን የድምፅ መልእክት ሰምቻለሁ። ልጅህ ማናሴም ሰምቶታል። የስፌት መኪናው ላይ ልብስ ይዤ ስለነበር "እስቲ ክፈተው" ያልኩት እኔ ነኝ፤ አባቱ እንዲህ ያለ ነገር ይናገራል ብዬ መቼ ጠረጠርኩ? "ትራምፖሊን እዚህ በየጓሮው አለ፣ ማንም አልሞተም፣ ችግሩ አጠቃቀም ነው" ስትል ሰማ። "ለሕክምና የሚያስፈልገውን እልካለሁ፣ መዝለያውን ግን መልሳችሁ ትከሉለት፣ ልጄ በሌላ ሰው ልጅ ምክንያት አይከልከልብኝ" ስትልም ሰማ። መጨረሻ ላይ ደግሞ "የሰው ግቢ ገብታ የሰው ዕቃ ላይ የወጣችው እሷ ናት" አልክ። ማናሴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ራቱንም አልበላ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው እኮ ያደታ፣ ነገር ይገባዋል።

"እሷ" ያልካት ዳሊያ ናት፣ የሃፍሳ ልጅ። ገና አምስት ዓመቷ ነው። ሃፍሳ ማን እንደሆነች ሜልቦርን አስረስቶህ ከሆነ ላስታውስህ። ሚስትህ ኦብሴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ይህን ልጅ ጥላብን ያረፈች ጊዜ ያ ሁሉ ለቀስተኛ የጠጣው ውሃ ከማን ቤት ተቀዳ? የማናሴን ጡጦ እየቀቀለች ድንኳን ውስጥ ያደረችው ማን ናት? አንተ ስትሄድ ሻንጣህን በባጃጁ ጭኖ መናኸሪያ ያደረሰህ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ የተጣላህ ባሏ ኑዕማን አይደለም? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላል ሰው። አትቀየመኝና አሁን የሩቁ ዘመድ አንተ ነህ።

መዝለያው የመጣ ቀን ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ጓደኛህ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ የላከውን ያን ሁሉ ብረትና ስፕሪንግ፣ ልጅ እየነጠረ የሚዘልበትን ሸራና የዙሪያውን መረብ ማን ያውቅበታል? ኑዕማን ነው ሥራውን ትቶ የመገጣጠሚያውን ሥዕል እያየ ከማናሴ ጋር ሲገጣጥም የዋለው። የአዳማን ነፋስ ደግሞ አንተ ረስተኸዋል። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ያንን የሚያህል ዕቃ እንደ ፌስታል አንስቶ አጥሩ ላይ ሰቀለው። ሰው ቢኖርበት ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? አሁንም ኑዕማን መጥቶ በማዳበሪያ አሸዋ ሞልቶ እግሮቹን አሰረልን። የገዛ ልጁን የሚሰብርበትን ዕቃ በገዛ እጁ አጠበቀው።

አልዋሽህም፣ ማናሴ ደስ ብሎት ነበር። ከት ብሎ ሲስቅ እኔ እንኳ ያን ድምፁን አላውቀውም ነበር። ለዚያ ብዬ ነው የቻልኩት። አንተ በስልክ "አንድ በአንድ ይግቡ፣ አዋቂ አጠገባቸው ይቁም" አልከኝ። ጎሽ። የሚቆመው ማን ነው? ለዒድና ለፋሲካ የተቀበልኩትን ልብስ ማን ይሰፋልኝ? አንድ በአንድስ እንዴት ነው የሚሆነው? የሰፈሩ ልጅ በር ላይ ተኮልኩሎ ዓይኑ እየተቁለጨለጨ እኔ በሩን ልዝጋ? ከጎረቤት ጋር አብረን ያሳደግነውን ልጅ "ተመለስ" ልበል? ጽጌ ወንድሟ ዕቃ ቢልክላት ሰው ጠላች እንዲባል? አንተ ያለህበት አገር እናት አጥሯ ላይ ሆና "ዛሬ አይቻልም" ትልና ሰውም ይሰማታል አሉ። እዚህ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። አንተ እዚህ ተወልደህ ይሄ ጠፋህ?

እንዴት እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅምና ልንገርህ። ረመዳን አጋማሽ ላይ ነው፣ ፀሐዩ በረድ ሲል። ማናሴና የሰፈር ልጆች ውስጥ ሆነው ይዘላሉ። እኔ በረንዳው ላይ የዳሊያን የዒድ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። ራሷ ዳሊያ በሳህን ሳምቡሳ ይዛ መጣች። የምስር ነው። እኛ ሁዳዴ ላይ መሆናችንን አስባ ሃፍሳ በጾም አፏ ለኛ ለብቻው ጠብሳ መላኳ ነው። ልጅቷ ሳህኑን ሰጠችኝና ወደ መዝለያው ዞር አለች። አስገቢኝ እንኳ አላለችም፣ ዝም ብላ ጫማዋን አወለቀች። ምን ልበላት? ሳምቡሳሽን ተቀብያለሁ፣ አንቺ ግን ቆይ ልበላት? የሃፍሳን ልጅ? መረቡን ከፈትኩና አንስቼ አስገባኋት። "ቀስ በሉላት" ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ማናሴ አልነካትም። ይህን ከሁሉ በፊት እወቅልኝ፣ ሰው እንደፈለገ ያውራ። አጠገቧ ነው ያረፈው። እሱ ሲያርፍ ሸራው ከሥሯ ረገበና መልሶ ወደ ላይ ገፋት፤ እግሯ እንደቆመች ታጠፈ። መውደቅ እንኳ አልወደቀችም። ጩኸቷን ሰምቼ ስደርስ ማናሴ አቅፏት እኔን አክስቱን "አዳዳ፣ እኔ አልነካኋትም፣ አዳዳ፣ አልነካኋትም" ይለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሲቃዥም የሚለው ይህንኑ ነው።

ሰፈሩ "ወጌሻ ይያት፣ ወጌሻ ይያት" ሲል ኑዕማን ማንንም ሳይሰማ በባጃጁ ይዟት ወደ ሆስፒታል በረረ፤ እኔና ሃፍሳ ከኋላ ተቀምጠናል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ኮሪደር ላይ ነበርን። ሃፍሳ ያን ቀን ጾሟን የፈታችው ዘበኛው በሰጣት ውሃ ነው። ዶክተሩ ለጋ ወጣት ነው። መዝለያ ላይ ነው ስለው "ከሷ ከሚበልጥ ልጅ ጋር ነበረች?" አለኝ፣ ሳልነግረው። አብረው ሲዘሉ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ትንሹ ነው አለ። የትልቁ ክብደት በሸራው በኩል ዞሮ የሚያርፈው በሱ እግር ላይ ነው፤ መረብ ቢኖረው ባይኖረው ለዚህ ለዚህ አይረዳም፤ ስድስት ዓመት ያልሞላ ልጅ ጭራሽ ባይወጣበት ነው የሚሻለው፤ ከዚያ በላይ ያለውም ለብቻው ነው። የዳሊያ የተሰበረው ከጉልበቷ ዝቅ ብሎ ነው። አጥንቱ ይገጥማል አለን። ግን በዚህ ዕድሜ እዚያ ቦታ ላይ ሲሰበር እግሩ እያደገ ሲሄድ ወደ ውጭ ሊጣመም ይችላል፣ ላይጣመምም ይችላል፣ ዓመትም ከዚያ በላይም እየተመላለሰች ትታይ አለ። ኑዕማን "ሴት ልጅ ናት እኮ ዶክተር" አለ። አንተ "ማንም አልሞተም" የምትለው ይህንን ነው።

ስንወጣ ሃፍሳ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? "አስቸገርንሽ ጽጌ። ሥራ አስፈታንሽ። ይቺ ልጅ መች አርፋ ትቀመጣለች" ብላ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። በጥፊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ግቢዬ በር ላይ ቆማ ብትጮህብኝ መልስ አላጣም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንዲህ ሆነልህ። ሰላምታ አልቀረም። ኑዕማን "ደህና ዋልሽ ወይ" ይላል፣ መሬት መሬት እያየ። የሳምቡሳውን ሳህን ባዶውን አልመልስም ብዬ ዳቦ ጋግሬ ብወስድ ሃፍሳ "ምነው ተቸገርሽ፣ ግቢ እንጂ" አለችኝ። ይሄ ለእንግዳ የሚባል ነው። እኔ እዚያ ቤት ማንኳኳት እንኳ አላውቅም ነበር። ለዒድ ቀሚሷን ይዤ ስሄድ በጀሶው አላልፍ አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ የጎኑን ስፌት እስከ ወገቧ ድረስ ተረተርኩት። ዳሊያ "አምሮብኛል አዳዳ?" ስትለኝ (እሷም ከማናሴ ተምራ አዳዳ ነው የምትለኝ) ምን እንዳልኳት አላስታውስም።

አንተ ደግሞ በዚህ ላይ መልሳችሁ ትከሉት ትላለህ። የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሳታል። መዝለያውን ማን እንደነቀለው ታውቃለህ? የገዛ ልጅህ ነው። በአደጋው ማግስት ከትምህርት ቤት መጥቶ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ስፕሪንጎቹን አንድ በአንድ አወላለቀና ሸራውን ጠቅልሎ ከዕቃ ቤቱ ኋላ ጣለው። አልከለከለውም ማንም። ስለዚህ የሰው ልጅ ምክንያት ሆኖ ደስታውን እንደነጠቀው አድርገህ አታውራ። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ የሚሄደው ዳሊያ ጋ ነው፣ ሲመሽ ነው ቤቱ የሚገባው።

"ለመሆኑ ደህና ዕቃ ነው አይደለም?" ብለህ ደግሞ ትጠይቀኛለህ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። አንድ ልጅ ብቻ የሚገባበት፣ አጠገቡ ዓይኑን የማይነቅል አዋቂ የሚቆምበት፣ አዋቂውም የሰውን ልጅ ፊት ለፊት "አይሆንም" ማለት የሚችልበት ግቢ ካለ እዚያ ይተከል። ያም ሆኖ አይሰበርም አልልህም። እኛ ግቢ ግን ከሦስቱ አንዱም የለም። የሚቆመው ሰው ሜልቦርን ነው። ይህን ያልኩት ላስከፋህ ነው፣ ይክፋህ።

አሁን የትናንቱን ልንገርህ። ከሰዓት በኋላ ሃፍሳ ቤት ሄድኩ። ኑዕማን ገና ከሥራ መግባቱ ነው፣ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ዳሊያ ፍራሽ ላይ ናት፣ ማናሴ ጀሶዋ ላይ በእስክሪብቶ ዓሣ ይሥልላታል። ልጅቷ ቀና ብላ "አዳዳ፣ ይሄ ሲፈታልኝ መዝለያው ውስጥ እንደገና ታስገቢኛለሽ አይደል?" አለችኝ። ሃፍሳ እኔን ከጭንቅ ልታወጣኝ ብላ "ታስገባሻለች እንጂ፣ ምን ገዶሽ" አለች። እኔም እሺ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ሰው የሚያደርገው እንደዚያ ነው።

"አይሆንም ዳሊያ" አልኳት። "አላስገባሽም። ብታለቅሺም አላስገባሽም።"

አለቀሰች። ኑዕማን ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። ሃፍሳ ደግሞ ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ ወደኔ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣

"ያን ቀንም እንዲህ ብለሻት ቢሆን ኖሮ፣ ጽጌ" አለችኝ።

ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ? አንጀቴን ቆርጦኝ ደስ አለኝ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ሆዷ ውስጥ የያዘችው ይህንን ነበር። "እውነትሽን ነው" አልኳት። ከዚያ እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ስወጣ ኑዕማን እስከ በር ሸኘኝ። "ነገ ትመጪያለሽ?" አለኝ። ዛሬም ሄጄ ነበር።

እኔ የኔን ሰምቻለሁ። አንተ የአንተን አልሰማህም። ለኑዕማን ደውልለት። ለኔ አይደለም፣ ለማናሴ አይደለም፣ ለኑዕማን። ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አታንሳበት። "ልጅህን የሰበረው እኔ የላክሁት ዕቃ ነው" በለው። "ምንም አይደል፣ የፈጣሪ ሥራ ነው" ይልሃል። አትመነው። ዝም ብለህ ስልኩን ይዘህ ቆይ፣ እስኪናገርህ ድረስ።

የአባታችን አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብህንም ያራራልኝ። ስለ ማናሴ ምንም አልጽፍልህም። ከኑዕማን ጋር ከተነጋገርክ በኋላ ራሱ ያነጋግርሃል።

የተቆጣች እህትህ
ጽጌ ገርባ