የገመድ ፈታኟ እናታችን

እናታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሰኔ 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው ከሁሉ አብልጠው ሒሳብን ወደዱ፤ በ1967 ዓ.ም. በሒሳብ ዲፕሎማቸውን ተቀብለው በዓመቱ በገመድ ፋብሪካ የጥራት መፈተሻ ክፍል ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. በጭነት መኪና ሹፌርነት ከሚሠሩት አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሥራቸው ከየምርቱ ሠላሳ ስድስት ገመድ ወስዶ እስኪበጠስ በማሽን መጎተት፣ እያንዳንዱ የቻለውን ክብደት መመዝገብና አማካዩን ማስላት ነበር። ባልደረቦቻቸው «እትዬ አማካይ» ያሏቸው ለዚህ ነው።

በ1984 ዓ.ም. የሕንፃ ቀለም ቀቢዎች ከነመድረካቸው የሚንጠለጠሉበት ገመድ ቀረበላቸው። ፀሐይና ዝናብ ሲበላው አቅሙ ይቀንሳልና፣ አዲስ ሳለ ቢያንስ ዘጠኝ መቶ ኪሎ መቻል ነበረበት። አማካዩ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ «እንግዲህ አልፏል፤ ይፈርሙ» አሏቸው። እናታችን ውጤቶቹ መሐል ላይ ተከማችተው ግራና ቀኝ እየሳሱ የሚወርዱበትን፣ ደወል የሚመስለውን ኩርባ ሥለው አሳዩአቸው። ገመዶቹ ከአማካዩ በሠላሳ ኪሎ ያህል ይራራቁ ስለነበር፣ ከመቶው ሁለት ያህሉ ከዘጠኝ መቶ በታች ይወድቁ ነበር። «አማካዩ ልክ ነው። ቀቢው ግን የሚንጠለጠለው በአንዷ ገመድ ነው፤ የትኛዋ እንደምትደርሰው ማን ያውቃል?» ብለው ሳይፈርሙ ወጡ።

ወደ መጋዘን ተዛወሩ። በምትካቸው ሌላ ሰው ፈረመ። በሰባተኛው ወር አንዱ ገመድ ተበጥሶ አንድ ቀቢ ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

እናታችን «ብዬ ነበር» አላሉም። ሆስፒታል ሄደው አልጋው አጠገብ ተቀመጡና «አልፈርምም ብዬ እጄን አጣጥፌ ቀረሁ፤ ጥፋቴ እሱ ነው» አሉት። ቀቢውም «እትዬ፣ የቀሩትን ገመዶች ይሰብስቡልኝ» አላቸው።

በማግስቱ በአባታችን መኪና ከሕንፃ ሕንፃ መዞር ጀመሩ። በሁለት ወር ውስጥ የዚያን ምርት ሁለት መቶ አሥራ አራት ገመድ ለቀሙ። ያልተገኙት ስድስቱ እስከ መጨረሻው ሲያንገበግቧቸው ኖረዋል።

ፋብሪካው ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቦታቸው መለሳቸው፤ ከዚያ ወዲህ የውጤቶቹ መራራቅ ሳይታይ በአማካይ ብቻ የወጣ ገመድ የለም። ቀቢውንም በመጎተቻ ማሽኑ ላይ አስቀጥረው፣ በ2006 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ አብረው ሠርተዋል።

በ2015 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም አደረባቸው። ሐኪሙ «ከአሥር ሰባቱ ይድናሉ» ሲሏቸው «ስንት ሰው ላይ ነው ያያችሁት?» ብለው ጠየቁ፤ ሐኪሙም አብረዋቸው ሳቁ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ እጃቸው በአባታችን እጅ እንዳለ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ለሰው ነፍስ የተጨነቀች ነፍሳቸውን ጭንቀት በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለአባታችንም ብርታቱን ይስጥልን።