ለጤናው

ሰበታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

…ሽንቱን በብልቃጥ እስክቀበል ድረስ የበሬውን ጅራት የያዙልኝ ራሳቸው ኦቦ ቱሉ ነበሩ። ያኔ፣ ባለፈው ሳምንት፣ የመንግሥት መኪና ሲያዩ በማስተር ፕላኑ መሬታቸውን ልንለካ የመጣን መስሏቸው በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን።

«የበሬዎን ሽንት ብቻ ነው፣ ለጤናው» አልኳቸው።

ሳቁ። «መሬቱን ተዉልኝ እንጂ ሽንቱንስ በጀሪካን ውሰዱ።»

ለጤናው አልነበረም። የተከለከለውን የማደለቢያ ሆርሞን ፍለጋ ነበር። እውነቱን ብናገር የሚከፍቱልኝ አልመሰለኝም።

ላቦራቶሪው ሆርሞኑን አገኘው። ደግሜ መረመርኩት፤ ያው ነው። በሬው ለገና ገበያ አይወጣም። ያላቸው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ዛሬ ልነግራቸው ሄድኩ። ዓለም ገና ላይ መንገዱ ማስተር ፕላኑን በሚቃወሙ ሰዎች በድንጋይ ተዘግቷል። መሬት ቀያሽ እንዳልመስል ነጭ ጋዋኔን ለብሼ በእግሬ ደረስኩ። ውጤቱን ነገርኳቸውና፣

«ኦቦ፣ በሬውን መርፌ የወጋው ማነው?» አልኩ።

«እንደ አንተ ነጭ የለበሰ ነው። ‹ቆሪቻ ነው፣ መድኃኒት፣ ለጤናው› አለኝ።» ትንሽ አሰቡ። «አብራችሁ አይደላችሁም እንዴ?»

አይደለንም ልል አፌን ከፈትኩ። ቃሉ ግን የእኔም ቃል ነበር።

መጀመሪያ ጋዋኔን፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ።