አረንጓዴው ውሃ

ቅዳሜ፣ መስከረም 25፣ ጠዋት

ዛሬም መኪናዋን ውሃ አጠጣኋት። አንድ የወተት ጋሎን ሙሉ፣ ከቧንቧ። እንደ ግመል ግጥም አደረገችው። ራዲያተሯ የት ጋ እንደሚያፈስ እኔም አላውቅም፣ እሷም አትናገርም። ከሰኔ ጀምሮ በየቅዳሜው ይኸው ነው ሥራዬ።

አንተ ደብተር አፍ የለህም፣ ስለዚህ ልንገርህ። የእህቴ የዘይነብ (የዘይኑ) ባል፣ የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ሰይድ (ከዚህ በኋላ ጋ/ሰ፣ እጄ እንዳይደክም) ውሃ አታድርግባት፣ ኩላንት አድርግ፣ አረንጓዴውን ፈሳሽ፣ ይለኛል። እኔን! ስምንተኛ ክፍል ላይ ት/ቤት በቃኝ ብዬ ሦስት ዓመት ታክሲ ላይ ወያላ የነበርኩትን ሙሄን! ስንቱን ራዲያተር በጣሳ አጠጥቻለሁ። መርካቶ ሙሉ በውሃ ነው የሚሄደው። አረንጓዴው ፈሳሽ ፈረንጅ ለሞኝ የሚሸጠው ሽሮፕ ነው። ሰኔ ላይ የገዛልኝን አንድ ጠርሙስ ለፎቅ ጎረቤታችን ሸለምኩት፣ እሱም በምላሹ ስድስት የስፓኒሽ ስድብ አስተማረኝ። ማን ከሰረ?

ችግሩ ጋ/ሰ ክዳን ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። ቡርንስቪል ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤቱ፣ ሽማግሌ ሲያነሳና ሲያስተኛ ስለሚውል ሁሉን ነገር ቼክ ያደርጋል፣ ትኩሳቴን ሳይቀር። እናማ ዘይኑ ለኬክ ብላ የገዛቻት የምግብ ቀለም አለች፣ አረንጓዴዋ። በጋሎን አራት ጠብታ። ቁርጥ ኩላንት! ከፍቶ አየና ጎበዝ አለኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጅጌዬን ነክሼ ሳቅሁ። ይኸው አራተኛ ወሩ፣ ገና አልወጣልኝም።

ሰኞ፣ መስከረም 27፣ ከሰዓት

ከሥራ ገባሁ። እንደ ሁልጊዜው ኤደን ፕሬሪ ወዳለው መጋዘን የወሰደኝ ተስፋዬ ነው። አዲሳባ ጋራዥ የነበረው፣ አሁን ከእኔ ጋር ካርቶን የሚጭነው መላጣ። ራሱን መኪና ውስጥ እንኳ በኮፍያ ይሸፍናል። ራዲዮው የአየር ሁኔታ ሲያወራ ተስፋዬ ድምፁን ከፍ አደረገ። ምነው ስለው ዘንድሮ ቸኩሏል አለ። ማን? ብርዱ። ዛፉ ገና ቅጠሉን ሳያራግፍ ረቡዕ ስኖው (እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ)፣ ንፋስ፣ ከዚያ ድንጋይ የሚያደርግ ውርጭ። መላጣ ስለሆንክ ነው የፈራኸው አልኩት። ሳቀ፣ ግን አጭር ሳቅ።

ምሳ ላይ እንዲሁ ለጨዋታ ጠየቅሁት። አንድ ጅል ጓደኛ አለኝ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ብቻ ነው ያለው፣ ምን ይሆናል? ዳቦውን አስቀመጠ። ውሃ ብቻ? አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ነገረኝ፦ ውሃ በረዶ ሲሆን ይወፍራል፣ ብረት አይችለውም፣ ሞተሩን ከጎኑ ይሰነጥቀዋል። የባሰው ደግሞ አለ፣ ልትነሳ ትችላለች። ተነስታ ትሄዳለች፣ ውስጧ ግን በረዶው ቱቦውን ዘግቶታል፣ ውሃው አይዞርም፣ መሀል ሃይዌይ ላይ ፈልታ ትቆማለች። እውነተኛው ኩላንት አይረጋም፣ ለዚያ ነው የሚደረገው።

"ጓደኛህን ቁልፍ እንዳያዞር ንገረው" አለኝ።

አይሰማም፣ ደደብ ነው አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። "ስሙ ሙሄ ነው እንዴ?"

"ኧረ ተስፋዬ ነው የሚባለው፣ መላጣ ነው።"

ተሳሳቅን። እኔ ግን ዳቦዬን አልጨረስኩም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28፣ መግሪብ አካባቢ

ቲቪው ሐሙስ 28 ይሆናል ይላል፣ በፋራናይት፣ ውሃ ከሚረጋበት በታች። ዘይኑ፣ ሹራብሽን አውልቂ፣ የድሬዳዋ ሙቀት እየመጣ ነው አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። አታስቀኝ ይገፋኛል አለችኝ። ለመውለድ ሦስት ሳምንት ይቀራታል፣ ሐኪሟ እንዳለው። እግሯ አብጦ የጋ/ሰን ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ማንም የለንም እዚህ ሰው አገር፣ እኔና እሱ ነን።

ዛሬ ልናገር ብዬ ነበር። ወላሂ። ጋ/ሰ ሺፍት የለውም፣ ተመቻችቶ ተቀምጧል። ጋሼ፣ ስለ መኪናዋ... ብዬ ጀመርኩ። እጁን አነሳ። አሁን አይቻት ነው የመጣሁት አለ፣ እንደ መስከረም ሣር ለምልማለች። ከዚያ ወደ ዘይኑ ዞሮ፦

"ይሄን ልጅ ወሬኛ ትዪዋለሽ። ይስቃል እንጂ የሰጡትን ይሠራል። እኔ ሌላ መኪና ብገዛ እንኳ ለሱ ነው የምሰጠው።"

ዘይኑ ደስ አላት። ምጡ በማንኛውም ሰዓት ቢመጣ መኪናው በር ላይ ነው፣ አልሐምዱሊላህ አለች። የጀመርኩትን ተውኩት። ልጁ ከተወለደ ራዲያተር እንበለው አልኩ። ሁለቱም ሳቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ቀልድ አልሳቅሁም።

ረቡዕ፣ መስከረም 29፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ጣለ። ከልቡ ጣለ። አረንጓዴ ቅጠል ላይ ስኖው አይቼ አላውቅም፣ አያምርም፣ ያስፈራል። ፓርኪንግ ሎቱ ዳር ያለው ዛፍ ክብደቱን አልቻለም፣ አንድ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወድቋል። ንፋሱ የመስኮቱን ጠርዝ ያፏጫል።

ወርጄ አየሁ። የራዲያተሯ የላስቲክ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንደ ወተት ስልባቦት ስስ ነገር ይዟል። በጣቴ ሰበርኩት። ጋ/ሰ ሳያየኝ ቁልፍ አዞርኩ። ተነሳች! በአንዴ! ተስፋዬ ፈሪ ነው፣ ጋራዥ ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው የሠራው። ሊወስደኝ ሲመጣ በበረዶ ኳስ ኮፍያውን ጣልኩለት።

ያው ቀን፣ ከሰዓት 11 ሰዓት

ከሥራ ስመለስ ነዳጅ ማደያው ጋ ውረድ ብዬ ወረድኩ። ኩላንት አልኩ። መደርደሪያው ባዶ። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ ከተማው ሙሉ ሲወስድ ነበር አለችኝ። ሁለተኛው ሱቅ በእግሬ ሄድኩ፣ ንፋሱ ጆሮዬን ሊነቅለው። እዚያም የለም። ማንም በመስከረም ብርድ አልጠበቀም። ለተስፋዬ ደወልኩለት፣ ቤቱ አንድ ጠርሙስ አለው፣ ነገ ከሥራ በኋላ አመጣለሁ ብሏል። ጓደኛህ የት ነው የሚኖረው አለኝ። ሆፕኪንስ አልኩት፣ የራሴን ሰፈር። ሌላ አልጠየቀኝም።

ጋ/ሰ ዛሬ ጠዋቱን ሠርቶ ገብቷል። የመኪናዋ ሂተር ሙቀት ትቶ ቀዝቃዛ ነው የሚነፋው፣ የሙቀት መርፌዋም ወደ ላይ ወጥታ ነበር አለ። ቅዳሜ አብረን እናያታለን አለኝ። አብረን! እሺ ጋሼ አልኩ።

ዘይኑ ወገቤን አለች። ሽሮዋን አልበላችም።

ሐሙስ፣ መስከረም 30፣ ጠዋት 12 ተኩል

ቲቪው 28 ያለው ውሸት ነው። 19 ነው። እየቀለድኩ አይደለም።

ባትሪ ይዤ ወረድኩ። በሩን ስከፍት አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ፀጉር ተጣበቀ። ስኖው ላይ ቅርፊት ሠርቷል፣ ስረግጠው እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ንፋሱ አንድ ጎን ብቻ ነው የሚመታው፣ መኪናዋ ግማሽ ጎኗ ነጭ፣ ግማሹ ሰማያዊ።

ተንበርክኬ ከሥሯ አበራሁ። ከራዲያተሯ ጫፍ እጅ የሚያህል በረዶ ተንጠልጥሏል። አረንጓዴ። ከሥሩ ስኖው ላይ አረንጓዴ ክብ። የኔ አራት ጠብታ ነች፣ አወቅኋት። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ውስጡን በቁልፍ መታሁት፣ ቋ አለ። ድንጋይ። ወገቤ ድረስ በረደኝ።

ለተስፋዬ ደወልኩ። ጓደኛዬ እኔ ነኝ አልኩት። አውቃለሁ አለ። እንዳትነኳት፣ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር፣ እኔም በዚህ መንገድ አሁን አልደርስም፣ ከሰዓት እመጣለሁ አለ። አልተቆጣኝም። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

እሷን ነገር ለጋ/ሰ ዛሬ እነግረዋለሁ። ቁርሱን ይብላ መጀመሪያ።

ያው ቀን፣ 2 ሰዓት

ቁርስ የለም። ዘይኑን ምጥ ጀመራት። ሦስት ሳምንት ያለው ሐኪም የት አለ? በየአሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሶፋውን ጨብጣ ያ ረቢ ትላለች፣ ሲለቃት ደግሞ ሻንጣዬ፣ ካልሲዬ፣ ሻይ ጠጡ እንጂ ትላለች። ጋ/ሰ ጃኬቱን ለብሶ ጫማውን ግራና ቀኝ ቀይሮ ነው ያደረገው። ሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት መዓት አወራበት ነበር።

ቁልፍ ይፈልጋል። ቁልፉ ኪሴ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሌላ ነገር አልታሰበኝም።

ሙሄ፣ ዛሬ አይደለም፣ አምጣ! ብሎ ጮኸ። ቀልድ መስሎታል። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። በእርሳስ ነው የምጽፍልህ፣ ገንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጬ።

ዝም ልል እችላለሁ። ቁልፍ ጠፋ፣ ታክሲ እንጥራ፣ መኪናዋን ብርድ ገደላት ይባላል፣ ማንም አያውቅም፣ የሚወደኝ እንደወደደኝ ይቀራል። ግን መለዋወጫ ቁልፍ አለው። አሁን ሻንጣ ውስጥ ሲያተራምስ ይሰማኛል። ከተገኘ ቁልፉን ያዞራል። አትነሳም ብዬ አልጨነቅም። ትነሳለች ብዬ ነው። ሃይዌይ ትገባለች፣ ንፋሱ ስኖውን እያንከባለለ መንገዱን ይደፍናል፣ በጭስ ትቆማለች፣ ሂተር የለ፣ የሚደርስልን የለ፣ እህቴ የኋላ ወንበር ላይ።

አገኘሁ! አለ አሁን። ዘይኑን ተነሺ እያላት ነው።

በቃ። ዘጠኝ አንድ አንድ ደውል፣ አምቡላንስ ጥራ እለዋለሁ፣ ለምን ሲለኝ ደግሞ ሳልዞር ሳልዋሽ፦ ጋሼ፣ ውሃ ነው፣ ቀለሙን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተለማመድኩት። መጨረሻው ላይ የሚያስቅ ነገር የለውም። ይምታኝ። ከቤት ውጣ ይበለኝ። እሷ ብቻ እዚያች መኪና ውስጥ አትገባም፣ በሩ ላይ እተኛለሁ።

የእግር ኮቴ መጣ። የውጭውን በር ከመክፈቱ በፊት ልንገረው። በቃ፣ ወጣሁ።