ሬሳዬን የሚረከበው ያፌት ነው

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፰ ዓመተ ምሕረት፣ በቶሮንቶ ከተማ ስካርቦሮ በሚገኘው መኖሪያ ቤቴ፣ እኔ መምህርት ጸሐይወርቅ ድንቁ ይህን ቃል በራሴ አንደበት አስጽፋለሁ። ዕድሜዬ ሰማንያ ሦስት ነው። ጉበቴ ታሟል፤ ሐኪሞቹም ከእንግዲህ የሚያደርጉልኝ ነገር እንደሌለ በግልጽ ነግረውኛል። የታመመው ጉበቴ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። በዚህ ቤት ውስጥ አእምሮዬ አንድ ጊዜ ያለ አግባብ ተጠርጥሯል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ የሚያነብም ይፍረድ።

ጸሐፊዬ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረው አቶ ባህሩ ይመር ነው። ለምስክርነት የተጠሩት ወይዘሮ ጠጂቱ ገብሬና የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ሙሉነህ ካሣ ናቸው። ባህሩም ጽፎ ሲያበቃ በምስክርነት ይፈርማል። ልጄ አስማማው ወራሽ ስለሆነ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ሳሎን ተቀምጧል፤ በሩ ክፍት ነውና ይሰማል። እኔ የምለው ብቻ ሳይሆን እዚህ የተነገረና የተሰማ ሁሉ እንዲጻፍ ባህሩን አዝዤዋለሁ።

አንደኛ፤ ይህ ቤት ከነሙሉ ዕቃው የልጄ የአስማማው ነው። ማንም አይካፈለውም። ይህን ከሁሉ በፊት ያስጻፍሁት፣ ቀጥሎ የምናገረውን ሁሉ ቤቱን ማስፈራሪያ አድርጌ እንዳልተናገርሁት እንዲታወቅ ነው። አስማማው በዚህ ከተማ አውቶቡስ እየነዳ አኑሮኛል። ምግቤን አላጓደለም፤ መድኃኒቴን አልረሳም። እናትን በመጦር በኩል የምወቅሰው አንዳች ነገር የለም።

(አስማማው ከሳሎን ሆኖ «ቤቱን ማን ጠየቀሽ፣ እማዬ?» አለ። «አልጠየቅኸኝም፤ ሰጠሁህ» አልሁት።)

ሁለተኛ፤ ጋራዡ ውስጥ ተደርድረው የሚገኙት ፍራሾች የልጅ ልጄ የያፌት አስማማው ናቸው። ነገሩን ለማያውቅ ሰው የአሮጌ ፍራሽ ውርስ ያስቀዋል። ያፌት ከፍታ ዘላይ ነው፤ ለካናዳ ይወዳደራል። በልጅነቱ ዘሎ የሚወድቅበት ስፍራ ስላልነበረው፣ አባቱ ከሥራ ሲመለስ ሰዎች ከቤታቸው አውጥተው የጣሉትን ፍራሽ እየጫነ ያመጣለት ነበር። ትኋን እንዳይኖረው በፈላ ውሃ አጥቦ፣ በመጥረጊያ እንጨት አግዳሚ ሠራለት። በረዶው በሚወርድበት ወራት ሁሉ እኔ መኝታዬ ላይ ሆኜ እሰማቸው ነበር። «ጨምር፣ ዳድ» ይላል ልጁ። «ትሰበራለህ» ይላል አባቱ። ከዚያም እንጨቱን ከፍ ሲያደርግለት ይሰማኛል።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ሐምሌ በዚህ ቤት የሆነውን እናገራለሁ፤ ይህን ሳይናገሩ የቀረውን ማስጻፍ አይቻልምና።

ያፌት ወንድ ሲሆን የሚወደው ሰው ወንድ ነው። ስሙ ኖላዊ ይባላል፤ ሠዓሊ ነው። በእድሩ ስብሰባ ላይ ለዚህ የተነገረ ቃል አለ፤ በኑዛዜዬ ውስጥ ግን አላስጽፈውም። የሃይማኖቱን ጥያቄ አልፈታሁትም፤ ለመፍታትም ጊዜ አልቀረኝም። በዚያ ወር የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ስፖርተኞች ለውድድር እዚህ ከተማ ሲሰበሰቡ፣ ያፌትና ኖላዊ እነርሱን ከመሰሉ ስፖርተኞችና አርቲስቶች ጋር ሆነው ቸርች ጎዳና ላይ አንድ አዳራሽ ተከራይተው፣ የኖላዊን ሥዕሎች ሰቅለው ለሕዝብ ከፈቱ። ያፌትም ጋዜጠኞች ባሉበት ቆሞ ተናገረ። አብረውት ከሚዘሉት መካከል ሜዳ ላይ የሚጨበጨብላቸው፣ አገራቸው ሲገቡ ግን የሚታሰሩ እንዳሉ፣ ዓለም አቀፍ ውድድር እናዘጋጅ የሚሉ መንግሥታትም አስቀድመው ስለዚህ ነገር ሊጠየቁ እንደሚገባ ተናገረ። ሲናገር የኖላዊን እጅ ይዞ ነበር። ፎቶግራፉ ሳይመሽ በየሰዉ ስልክ ተዳረሰ።

በማግሥቱ አስማማው ጥቁር ለበሰ። ፍራሾቹን ከጋራዥ አውጥቶ ሳሎን አነጠፈ። ለአቶ ሙሉነህም ደውሎ «ያፌት ሞቷል» አለው።

በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ አይመረመርም። በምን ሞተ፣ ሬሳው የት ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ነገሩ ኋላ ይነገራል። ስለዚህ ለቅሶ ደራሹ ጫማውን በር ላይ እያወለቀ ገብቶ አለቀሰ። ሴቶቹ ወጥ ሠርተው አመጡ። ፎቶግራፉን ያዩት ሰዎች ልጁ ራሱን አጥፍቷል ብለው ስለ ገመቱ ከቶ አልጠየቁም። እኔ ነጠላዬን አላዘቀዘቅሁም። ነጭ ለብሼ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ «ልጁ በሕይወት አለ» አልሁ። «ወይኔ፣ ሐዘኑ አእምሯቸውን ነካው» አሉ። አእምሮዬ የተጠረጠረው ያን ጊዜ ነው።

በሁለተኛው ቀን ያፌት መጣ። አንድ ጓደኛው አባቱ ቤት ለቅሶ እንዳለ ቢነግረው፣ እኔ የሞትሁ መስሎት፣ እንደ ወጉ እሽግ ውሃ ተሸክሞ፣ ዓይኑ አብጦ ገባ። በሩ ላይ የተከመረውን ጫማ ተሻግሮ ሳሎን ሲደርስ ለቅሶው ቀጥ አለ። ስሙን እየጠሩ ሲያለቅሱ የነበሩት ወይዘሮ ጠጂቱ አማተቡ።

«እማማ» አለኝ፣ «እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው?»

አባቱ ግድግዳውን ይመለከት ነበር።

«አንተ ነህ» አልሁት። «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ።»

ውሃውን በቀስታ አስቀመጠ። ወደ ታች ተመለከተና «ይሄ ፍራሽ የኔ አይደል?» አለ። ተቀመጠበት። ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ካየ በኋላ «ውድድሬን ኑና እዩልኝ ስላችሁ ፓርኪንግ አይገኝም ብላችሁኝ ነበር» አለ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጫማውን መፈለግ ጀመረ። አስማማው ተነሥቶ በጓሮ በር ወጣ። ያፌት ግን የመጨረሻው ሰው እስኪሄድ ድረስ፣ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው፣ እየተነሣ ሁሉንም ሸኘ።

እድሩ ስሙን ከቤተ ሰባችን መዝገብ እንደ ፋቀ ቀረ። አስማማው ጥቁሩን እስከ ዛሬ አላወለቀም። ሕመሜ ሲጸናም «አንቺን ስንቀብር እሱ በር ላይ አይቆምም፤ የተለቀሰለት ሰው ለቅሶ አይቀበልም» አለኝ። ይህን ኑዛዜ ያስጻፈኝ ይህ ቃል ነው።

አራተኛ፤ የኑዛዜዬ አስፈጻሚ ያፌት አስማማው ብቻ ነው። ጠበቃ አስጠይቄ ተረድቻለሁ፤ በዚህ ግዛት ሕግ ሬሳ የሚረከበውና የቀብሩን ነገር የሚወስነው አስፈጻሚው ነው። ቤቱን ለልጄ ሰጥቻለሁ፤ ሬሳዬን ለልጅ ልጄ እሰጣለሁ። ያለ ያፌት ፊርማ ማንም ሊያነሣኝም ሊቀብረኝም አይችልም። በቀብሬ ዕለት የመጀመሪያውን አፈር የሚያለብሰኝ እርሱ ነው። በሐዘንተኞች ሰልፍ ራስ ላይ ይቆማል፤ ከአጠገቡም ኖላዊ ይቆማል።

(አቶ ሙሉነህ እዚህ ላይ ጣልቃ ገቡ። «እትዬ ጸሐይ፣ ሌላው ይሁን፤ የመጨረሻዋ እንኳ ብትቀር።»

«የትኛዋ?»

«የሠዓሊው። ሰዉ ምን ይላል? እኔም ልጆች አሉኝ።»

«ልጆችዎ ይቁሙ ወይስ አይቁሙ ብዬ ጠይቄዎታለሁ?»

«እንዲህ ከተጻፈ እድሩ አይመጣም፤ እውነቱን ልንገርዎ። ወንበርም፣ ምግብም፣ ሰውም የለም።»

«ሞተ ለተባለው ሕያው ሦስት ዓይነት ወጥ መጥቶ ነበር» አልኋቸው። «ለእውነተኛው ሬሳ ባይመጣ አልከፋም። ባህሩ፣ ሁለቱም ይቆማሉ ብለህ ጻፍ።»

አቶ ሙሉነህ ባርኔጣቸውን አነሡ። «እግዜር ይማርዎ» ብለው ሳይፈርሙ ወጡ። ወይዘሮ ጠጂቱ ከወንበራቸው አልተነሡም።)

አምስተኛ፤ ባለቤቴ ሲሞት የለበስሁት ጥቁር ነጠላ ለኖላዊ ይሰጠው። ለልብስ አይደለም፤ ይሣልበት። ከለቅሶው በኋላ ባህሩ በመኪናው ወደዚያ አዳራሽ ወስዶኝ ሥዕሎቹን አይቻለሁ። የሯጮች፣ የዋናተኞች፣ የዘላዮች ሥዕል ነው፤ ሁሉም የተሣሉት ከጀርባቸው ነው። ቁጥራቸው ይታያል፤ ፊታቸው አይታይም። ያፌትም በመካከላቸው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ፊታቸውስ የት አለ?» ብዬ ኖላዊን ጠየቅሁት።

«ፊታቸው ከታየ ይታሰራሉ፣ እማማ።»

«ያፌትን እዚህ ማን ያስረዋል?»

«ማንም። እኔም ፊቱን ልሥል ብዬ ነበር። እሱ ነው ከነሱ ጋር ልቁም ያለኝ።»

ስለዚህ አንድ ነገር አዝዘዋለሁ። በዚያ ጥቁር ነጠላ ላይ ያፌትን ፊት ለፊት ይሣለው። ዓይኖቹን አሳምሮ ይሣላቸው፤ የአባቱ ዓይኖች ናቸው።

ስድስተኛ፤ ያፌት ዛሬ እዚህ የለም። በአዳራሽ ውስጥ ለሚደረግ የዝላይ ውድድር ስሟን ወደማላስጽፋት አገር ሄዷል። እርሱን የመሰለ ሰው በዚያ አገር በሕግ ይታሰራል። ኖላዊ እነዚያን ፊት የሌላቸውን ሰዎች የሣለበት ማሊያ ሻንጣው ውስጥ አለ፤ ለብሼው እዘላለሁ ብሏል። ቡድኑ እንዳይሄድ መክሮት ነበር። እኔ ግን አልከለከልሁትም። ያደግሁት፣ ያስተማርሁትም፣ ሰው ያመነበትን ነገር ባደባባይ ይናገር ብዬ ነው፤ ቃሌን በልጅ ልጄ ላይ አላጥፍም። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ግንባሬን ሳመና «ዘልዬ እመለሳለሁ፤ እንዳይሞቱብኝ» አለኝ። ሊፈጸም የማይችል ቃል መስጠት ልማዴ ስላልሆነ እኔም መልሼ ግንባሩን ሳምሁት።

ውድድሩ ማክሰኞ አልቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ አይነሣም። ኖላዊ በየጊዜው ይደውልልኛል፤ እርሱም ምንም አልሰማም። የውጭ ጉዳይ ሰዎች እያጣራን ነው ከማለት በቀር የነገሩት የለም።

ስለዚህ ያፌት ሳይመለስ ብሞት አልቀበር። አስከሬን ቤቱ በበረዶ ያቆየኝ። ሳምንት ቢሆን፣ ወር ቢሆን፣ ከዚያም ቢበልጥ፣ ሬሳዬ ይጠብቀው። አስማማው ይህን በመቃወም ፍርድ ቤት እንዳይሄድ ባጠባሁት ጡቴ እለምነዋለሁ፤ እርሱ የጠባው ጡት ነው። ስለ ያፌት ክፉ ወሬ ቢመጣም ማንም ቸኩሎ ፍራሽ አያንጥፍ። ይህ ልጅ በቁሙ አንድ ጊዜ ተለቅሶለታል፤ ሁለተኛ አይደገምበት።

ሰባተኛና መጨረሻ፤ ባለፈው ሐምሌ በዚህ ቤት የተለቀሰው ለቅሶ የእኔ ይሁን። ሟች ያልነበረው ለቅሶ ነው፤ እነሆ ሟች አገኘ። የፈሰሰው እንባ፣ የመጣው ወጥ፣ የተነጠፈው ፍራሽ ሁሉ ለእኔ እንደ ተደረገ ይቆጠር። ስለዚህ እድሩ ለእኔ ሊያደርግ የሚገባውን አድርጓል፤ ዳግመኛ ባይመጣ አልቀየመውም። ያፌት ግን ከሟቾች ይውጣ፤ ስሙም ወደ ሕያዋን መዝገብ ይመለስ። አስማማው፣ ልጄ፣ የለበስኸው ጥቁር የእናትህ ነው። እስክሞት አውልቀው፤ ስሞት መልሰህ ልበሰው።

ባህሩ የተጻፈውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሁላችን ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አንብቧል። የሳተውን ሁለት ቦታ አርሜዋለሁ። ወይዘሮ ጠጂቱ ብዕሩን ከመቀበላቸው በፊት «ሙሉነህ ነገ እድሩ ውስጥ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም «ለዚህ ልጅ ደረቴን ደቅቼለታለሁ። ሲገባ ሳየው ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ። የት ላይ ነው የምፈርመው?» አሉ። ባህሩ አሳያቸው።

እርሳቸው በመፈረም ላይ ሳሉ ከሳሎን የስልክ ጥሪ ድምፅ ተሰማ። አስማማው ስልኩን ድምፁ ለሁሉ እንዲሰማ አድርጎ እየደወለ ነበር። ብዙ ከጠራ በኋላ ያፌት በራሱ ድምፅ የቀረጸው ቃል በእንግሊዝኛ «አሁን ላነሣ አልቻልኩም፤ መልእክት ተውልኝ» አለ። አስማማው መልእክት አልተወም። ዘጋውና እንደገና ደወለ። ይህንም ባህሩ እንዲጽፈው አዘዝሁ፤ ጻፈው።

የተናዛዥ ፊርማ፦ ጸሐይወርቅ ድንቁ

ምስክር፦ ጠጂቱ ገብሬ

ምስክርና ጸሐፊ፦ ባህሩ ይመር

ምስክር፦ ............................
(አቶ ሙሉነህ ካሣ ሳይፈርሙ ሄደዋል። ቢመለሱ እንዲፈርሙበት ቦታው በተናዛዥዋ ትእዛዝ ክፍት ቆይቷል።)