ከአልጋዬ ሥር ያለው ሳጥን

ሪያድ፣ ነሲም
የካቲት 2007 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ያንተን ጤና፣ የባለቤትህንና የልጆችህን ደኅንነት ከልቤ እጠይቃለሁ። ጨጓራህስ ተሻለህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ደረጃው ጎዳው እንጂ። የማዳም ቤት ሦስት ፎቅ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ስምንት። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ጉልበቴ አይደለም።

የቦኖውን ምረቃ ቪዲዮ አየሁት። ማዳም በወር አንድ ጁምዓ ስለምትለቀኝ፣ የውሃውን ሞተር የገዛንበትን መዋጮ የምትሰበስበው መኪያ ክፍል፣ ጀራዲያ ሰፈር ሄጄ፣ ሁላችንም በአንድ ስልክ ላይ ተደራርበን ነው ያየነው። አንተ ከንቲባው በአዲስ ሱፍ፣ የዞን እንግዶች በግራ በቀኝህ። ሪባን ቆረጥክ፣ ቧንቧውን ከፈትክ፣ ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። አብረውኝ የሚያዩት ሴቶች እልል አሉ፤ የላይ ሰፈሯ ሸሪፋ አለቀሰች። እኔ ግን እልልታው አፌ ላይ ቀረ።

ወንድም ጋሼ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሳጥን እኮ አልጋዬ ሥር ነው!

እዚህ ሱለይ ሰፈር ያለው ባለሱቅ መጀመሪያ የማይገጥም ሳጥን ሰጥቶን፣ ትክክለኛው የመጣው ሞተሩ በካርጎ ከሄደ በኋላ ነበር። በስልክ ነግሬሃለሁ፤ "እሺ፣ እሺ" ብለኸኝ ስብሰባ ገባህ። ያለ ሳጥኑ ያ ሞተር ዝም ያለ ብረት ነው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ከቆመው ቦቴ፣ በጎማ ቱቦ። እንግዶቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ አለቀ። ማን ነገራት ብለህ ሰው አታስጨንቅ።

በማግስቱ ደውለህ ገና ሰላም ሳትለኝ፣ "እህቴ አይደለሽ? ግምገማው እስኪያልፍ በሆድሽ ያዥው" አልከኝ። የምረቃው ቀን ከዞን ተቆርጦ ስለመጣ መግፋት አልቻልክም። ይሁን፣ ይህስ ይገባኛል። ከዚያ በኋላስ? ለላይ ሰፈር ሰው ትራንስፎርመር ተቃጠለ አልክ፤ ለእኛ ደግሞ "ለጥገና አዋጡ" የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ላክህ። አንድ ቀን ያልሠራ ነገር ምኑ ይጠገናል? ከተማው በጀት የለውም ትላለህ። ለድንኳኑ፣ ለሰንጋው፣ ያንተ ፎቶ ላለበት ቲሸርት በጀቱ ከየት ተገኘ?

ተናድጃለሁ። እዚህ ያሉት ሴቶች የሰው ሽንት ቤት አጥበው ነው ያዋጡት። ሸሪፋ ሁለት ዒድ ሙሉ አዲስ ልብስ አልገዛችም። እማዬ ዛሬም ጀሪካን አዝላ ወንዝ ትወርዳለች፤ ያንተ ግቢ ግን ሮቶ ተሰቅሎበታል። የመንግሥት ሥራ አይገባሽም አልከኝ። ቦኖ ግን ይገባኛል። ወረፋ ይዤ ነው ያደግሁት።

ስለዚህ ዝም አልልም። አላልኩምም። የወሩ ጁምዓ ሲደርስ ሳጥኑን ተሸክሜ መኪያ ክፍል ሄድኩና መሃላቸው አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንድሜ መሆንህን ያውቃሉ፤ እፍረቴን ውጬ ነገርኳቸው። መኪያ "ኸላስ፣ በቃ! ለማዘጋጃ ቤት ከእንግዲህ የሚላክ ነገር የለም" አለች። ከአሁን ወዲያ የምናዋጣው ለውሃ ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢዋ አዋላጇ ዙቤዳ ናት። የገባውና የወጣው በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም በር ላይ ይለጠፋል። ከፈለግህ አንተም መጥተህ ታነበዋለህ።

ሸሪፋ ጠቅልላ ወደ አገር ስለምትገባ ሳጥኑን ይዛው ትመጣለች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሞላ ይገጥመዋል። ሪባን የለም፣ ንግግር የለም።

አልጠላሁህም። አባታችን ሲሞት ትምህርት ቤት ያስገባኸኝ አንተ ነህ፤ ይህን የምጽፍበት ፊደል እንኳ ያንተ ውለታ ነው። እንዲህ ፊት ለፊት የምናገርህም ለዚሁ ነው።

ሸሪፋ ደብዳቤውን የምትሰጠው ለእማዬ ነው። እማዬ ማንበብ ባትችልም የሚለውን ታውቃለች። በምረቃው ቀን የፊት ወንበር ላይ ያስቀመጥካት እሷን አይደል? ከፊት ወንበር ብዙ ነገር ይታያል። ውሃው እላይ ሰፈር ደርሶ ጀሪካኗን እስክትሞላ ድረስ እንዳትሰጥህ ብያታለሁ።

እንግዲህ ይህን እያነበብክ ከሆነ፣ እናትህ ደጅህ ላይ ቆማለች። ውጣና ጀሪካኑን ከጀርባዋ አውርድላት።

አላህ ልብህን ያቅናልህ፣ ልጆችህንም በጤና ያሳድግልህ።

ያሳደግሃት ታናሽ እህትህ