ከዘይት ቀዳዳው የወጣው ጨርቅ

ግንቦት 24 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ የምግብ ጠረጴዛዋን ለሞተር ዕቃ ከወሰድኩባት ወዲህ ግን አኩርፋኛለች። ፒስተኖቹ በአሮጌ አንሶላ ላይ ተደርድረዋል፤ እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። ትናንት "እንግዳ ቢመጣ እንግዲህ ቡሎን ልናቀርብለት ነው" አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛዬ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ፤ ወርክሾፕ ገብቼ የጸዳውን ዕቃ እንደገና አጸዳለሁ፤ ደመናውን አይቼ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ዝናቡ ደርሷል፣ ማሳው አልታረሰም፣ ትራክተሩ ሆዱን ከፍቶ ቆሟል። የሚያቁነጠንጠኝ ግን እሱ አይደለም።

አምና አብረን ያደስነው የትራክተሩ ሞተር በሳምንቱ ነክሶ ሲቆም ምን እንዳልኩ አልረሳሁትም። ባለወፍጮውና ጎረቤቶቹ በቆሙበት "ዘይት መሙላት ረስታ ነው" አልኩ። አንቺ "ሞልቻለሁ አባዬ" አልሽ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ፤ ይኸው ከሄድሽ ዓመት ሊሆንሽ ነው።

ማክሰኞ ሞተሩን አውርጄ ስፈታው ከዋናው የዘይት ቀዳዳ ውስጥ ዘይቱን እንዳያልፍ የዘጋ ጨርቅ በፒንሳ ጎትቼ አወጣሁ። ጠቁሯል። በነጭ ጋዝ አጥቤ ለእናትሽ ባሳያት "ይሄ ያ ባለመስመሩ ሸሚዝህ አይደል?" አለች። ነው። አንቺ ዕቃ ስታጥቢ፣ አቧራ እንዳይገባ ብዬ የወተፍኩት እኔ ነኝ።

ደንባችንን ታስታውሻለሽ፤ ከመገጠሙ በፊት አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ቀዳዳውን ሁሉ በእጅ ባትሪ አይቶ "አይቻለሁ" ይላል። ያን ቀን "አባዬ፣ አይተሃል?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ ከባለወፍጮው ጋር ወሬ ይዤ ነበር። ዞር እንኳ ሳልል "አይቻለሁ" አልኩሽ። ደንቡን ያወጣሁትም ያፈረስኩትም ራሴ ነኝ።

ረቡዕ ወፍጮ ቤት ሄጄ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመለስኩ። ሐሙስም እንዲሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ጨርቁን በኪሴ ይዤ ሄድኩና በሰው ፊት "ልጄ ዘይቱን ሞልታ ነበር፤ ሞተሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ባለወፍጮው አልሰማም መሰለኝ፣ ወፍጮውን አጥፍቶ "እስቲ ድገመው" አለኝ። ደገምኩት። አፈርኩ፣ ልጄ። ይቅር በይኝ።

አሁን ሁሉም ተዘጋጅቷል፤ የቀረው መግጠም ብቻ ነው። ቡሎኑን አነሳና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እናትሽ "እኔው ልጠይቅህ" ብላ አጠገቤ ቆማ ጠየቀችኝ። ቀዳዳውን ሁሉ ሁለት ጊዜ አይቼ ነበር፤ ግን የእጅ ባትሪውን አጥፍቼ፣ አንቺ ራስሽ መጥተሽ እንድታዪበት አስቀመጥኩት።

ጤናሽ የተሟላ፣ መንገድሽ የቀና ይሁን። ለእጅ ባትሪው አዲስ ድንጋይ አስገብቻለሁ።

ሳያይ "አይቻለሁ" ያለሽ፣
አባትሽ